ለአረካ የቲሹ ካልቸር የዕድገት ክፍል የኤል.ኢ.ዲ. መብራት እንዴት ይመረጥ?

አኅጽሮተ ጥናት

በወላይታ ዞን፣ በአረካና በአካባቢዋ፣ ከበሽታ የጸዳ የእንሰት፣ የዝንጅብልና የጎደሬ ተከላ ቁስ ለማባዛት የቲሹ ካልቸር ዘዴ ተፈላጊ እየሆነ መጥቷል። የዚህ ሥራ አንዱ ቋሚ ወጪ የዕድገት ክፍሉ መብራት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ መብራት በዋት መጠኑ ወይም በቀለሙ ሳይሆን መደርደሪያው ላይ በሚያደርሰው ፎቶን፣ በሚያመነጨው ሙቀትና ሲበላሽ በሚተካበት ፍጥነት ሊመረጥ እንደሚገባ በስሌት ያሳያል። ለቲሹ ካልቸር ክፍል ጥራት ያለው ተራ ነጭ ኤል.ኢ.ዲ. ቱቦ በአብዛኛው በቂ እንደሆነ፣ ለማላመጃው ግሪን ሃውስ ደግሞ ተጨማሪ መብራት እንደማያስፈልግ ይከራከራል።

መነሻ

አረካ በቦሎሶ ሶሬ ወረዳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ አካባቢ የምትገኝ ወይና ደጋ ከተማ ናት። በዚያ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በእንሰትና በሥራ ሥር ሰብሎች ሥራው ይታወቃል፤ «ቦሎሶ-1» የተባለው የጎደሬ ዝርያ፣ እንዲሁም እንደ ያንቡሌና ገዋዳ ያሉት የእንሰት ዝርያዎች ከዚሁ የወጡ ናቸው። ሦስቱም ሰብሎች፣ እንሰት፣ ጎደሬና ዝንጅብል፣ በዘር ሳይሆን በአካላቸው ክፍል የሚራቡ በመሆናቸው አንድ የጋራ ድክመት አለባቸው፤ በሽታው ከእናት ተክል ወደ ልጅ ተክል አብሮ ይሻገራል።

የዚህ ድክመት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የአካባቢው ገበሬ በዝንጅብል አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተስፋፋው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን የዝንጅብል ማሳዎች ሲመታ፣ ዝንጅብል ዋነኛ የገንዘብ ምንጫቸው የነበረ የቦሎሶ ቦምቤና የአጎራባች ወረዳዎች ቤተሰቦች ለተከላ የሚሆን ጤናማ ግንድ ማግኘት ተቸግረው ነበር። የእንሰት አጠውልግ ደግሞ ከዚያ በጣም ይቀድማል፤ በዳኛቸው ይርጉና በብራድበሪ ተጠንቶ በሳይንሳዊ ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ስለዚህ ከጫፍ እንቡጥ ተነስቶ በጠርሙስ ውስጥ የሚባዛ ችግኝ ለአረካ የቅንጦት ቴክኖሎጂ አይደለም። (እርግጥ ቲሹ ካልቸር ብቻውን ባክቴሪያን አያጠፋም፤ የእናት ተክሉና የመጀመሪያዎቹ ባህሎች ምርመራ ካልታከለበት የተበከለውንም እንደ ጤናማው አብዝቶ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ግን ሌላ ጽሑፍ የሚጠይቅ ነው።)

ጠርሙሶቹ የሚቀመጡበት የዕድገት ክፍል መስኮት የሌለው፣ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚጠበቅ፣ በቀን 16 ሰዓት የሚበራ ክፍል ነው። በአገራችን ባሉ በርካታ ቤተ ሙከራዎች መደርደሪያዎቹን ሲያበራ የኖረው የፍሎረሰንት ቱቦ ነው። ቱቦዎቹ እያረጁ፣ ገበያውም ወደ ኤል.ኢ.ዲ. እየዞረ በመሆኑ ምትክ መምረጥ ግድ ሆኗል። ምርጫው የሚደረገው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ እጥረትና በሚቆራረጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ውስጥ ነው።

ተክል የሚቆጥረው ፎቶን ነው

ዋት አምፖሉ የሚበላውን ኃይል ይነግረናል እንጂ የሚሰጠውን አይነግረንም። ሉመንና ሉክስ ደግሞ በሰው ዓይን የተለኩ ናቸው፤ ዓይናችን ለአረንጓዴና ለቢጫ ብርሃን ስለሚያደላ ቀዩንና ሰማያዊውን አሳንሶ ይቆጥራል። ለብርሃን አስተፃምሮ የሚያገለግለው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ሲሆን፣ ትክክለኛው መለኪያ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአንድ ሰከንድ የሚያርፈው የፎቶን ብዛት በማይክሮሞል ነው። የመብራቱ ብቃትም እንዲሁ በአንድ ጁል ኤሌክትሪክ ስንት ማይክሮሞል ፎቶን እንደሚሰጥ ይለካል። በሻጭ ካርቶን ላይ «ከ1000 ዋት ጋር እኩል» የሚል ጽሑፍ ብቻ ካለና ይህ ቁጥር ከሌለ፣ ዕቃው ለምርምር ተቋም ግዥ ሊቀርብ አይገባውም።

በጠርሙስ ውስጥ ያለ ችግኝ የሚፈልገው የብርሃን መጠን አነስተኛ ነው። በተለምዶ በካሬ ሜትር በሰከንድ ከ30 እስከ 70 ማይክሮሞል ይበቃዋል። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1962 ሙራሺጌና ስኩግ ባወጡት ቀመር በሚዘጋጀው ማብቀያ ላይ በተለምዶ 3 በመቶ ስኳር ይጨመራል፤ ችግኙ የካርቦን ምግቡን በዋናነት የሚያገኘው ከዚሁ ስኳር ነው። ብርሃኑ ለእርሱ ከምግብነቱ ይልቅ ቅርጹን የሚመራ ምልክት ነው ማለት ይቻላል። በመሆኑም በጠርሙሱ ላይ የሚወርደውን ብርሃን እጥፍ ማድረግ ዕድገቱን እጥፍ አያደርግም፤ አንዳንዴም የጠርሙሱን ውስጥ ማሞቅ ብቻ ይሆናል። ከዚህ የሚለየው የመጨረሻው፣ ሥር የማስያዝ ደረጃ ነው። የጃፓኑ የቺባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቶዮኪ ኮዛይና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት ስኳሩን በመቀነስ፣ የጠርሙሱን አየር በማናፈስና ብርሃኑን ከፍ በማድረግ ችግኙን ራሱን እንዲመግብ ማለማመድ ይቻላል። ይህንን ለመሞከር የሚፈልግ ተማሪ አንድ ወይም ሁለት መደርደሪያ 100 ማይክሮሞልና ከዚያ በላይ እንዲሰጡ አድርጎ ቢለይ ይበቃል። ክፍሉን በሙሉ በዚያ ልክ ማብራት አያስፈልግም።

ቀለምን በሚመለከት

«የተክል መብራት» ተብሎ የሚሸጠው ወይን ጠጅ ብርሃን ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድጋፍ በዊስኮንሲን በተደረጉ ሙከራዎች ሰላጣ በቀይ ኤል.ኢ.ዲ. ሲበቅል፣ ብርቱ ሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ. ገና አልነበረም፤ ሰማያዊውን የሚያሟላው ፍሎረሰንት ነበር። ሰማያዊውን የፈጠሩት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ነጩ ኤል.ኢ.ዲ.ም የተገኘው ሰማያዊውን በፎስፈር በመሸፈን ነው። ወይን ጠጁ ድብልቅ እንግዲህ ሁለት ምክንያት አለው፤ ቅጠል ቀይና ሰማያዊን አጥብቆ ይመጥጣል፣ የቀይ ፎቶን ደግሞ በጉልበት ርካሽ ነው። 660 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን በንድፈ ሐሳብ ከአንድ ጁል 5.5 ማይክሮሞል ሲወጣው፣ 450 ናኖሜትር ሰማያዊው የሚወጣው 3.8 ያህል ብቻ ነው።

ይሁንና አረንጓዴ ብርሃን ለተክል ከንቱ ነው የሚለው አባባል ስሕተት ነው። ማክሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባደረገው ልኬት የአረንጓዴው ብቃት ከቀዩ ያነሰ ቢሆንም ከዚያ ብዙ የራቀ አልነበረም፤ ወደ ቅጠሉ ውስጠኛ ሽፋን ዘልቆ የሚገባውም እርሱ ነው። ቀይ ብቻውን የወደቀበት ቡቃያ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፤ ሰማያዊ ሲጨመርለት ያጥራል፣ ቅጠሉ ይደነድናል። ነጭ ኤል.ኢ.ዲ. ይህን ሰማያዊ በውስጡ ይዟል፤ 3000 ኬልቪን የሆነው 10 በመቶ አካባቢ፣ 4000 ኬልቪን የሆነው ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ 6500 ኬልቪን የሆነው ደግሞ ሩብ ያህል። ለአብዛኛው የማባዛት ሥራ 4000 ኬልቪን ሚዛናዊ ምርጫ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ነጩን የሚያስመርጠው የሠራተኛው ዓይን ነው። እንሰት በተቆረጠ ጊዜ ፊኖሉ እየወጣ ማብቀያውን ያጠቁረዋል፤ የመጀመሪያዎቹን ባህሎች ለጥቂት ጊዜ በጨለማ ማቆየት የተለመደውም ስለዚህ ነው። የዝንጅብል ባህል ደግሞ ግንዱ ከአፈር ስለሚመጣ ብክለት ያጠቃዋል። ቡናማውን ጥቁረትም ሆነ በችግኙ ሥር የሚታየውን ወተት መሰል የባክቴሪያ ደመና ወይን ጠጅ ብርሃን ሥር ለይቶ ማየት አስቸጋሪ ነው። አንድ የተበከለ ጠርሙስ ሳይታይ ለአንድ ሳምንት ቢቆይና ወደ ቀጣዩ ማባዛት ቢሻገር የሚያደርሰው ጉዳት፣ ከቀዩ ፎቶን የሚገኘውን የኃይል ቁጠባ በሙሉ ይበላል።

አንድ ክፍል በስሌት

አሥር መደርደሪያዎች፣ እያንዳንዳቸው አምስት ደርብ ያላቸው፣ የእያንዳንዱ ደርብ ስፋት 120 በ50 ሴንቲሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። ጠቅላላው የሚበራ ስፋት 30 ካሬ ሜትር ይሆናል። ዒላማችን 50 ማይክሮሞል ከሆነ በየሰከንዱ 1,500 ማይክሮሞል ጠርሙሶቹ ላይ መድረስ አለበት። ከአምፖሉ ከሚወጣው 70 በመቶ ብቻ መደርደሪያው ላይ ይደርሳል ብንል፣ አምፖሎቹ በድምሩ 2,143 ማይክሮሞል ያህል መስጠት ይጠበቅባቸዋል።

የፍሎረሰንት ቱቦ ብቃት በአንድ ጁል 0.85 ማይክሮሞል ቢሆን የሚያስፈልገው ኃይል 2,520 ዋት ነው። በአንድ ዋት 110 ሉመን የሚሰጥ ነጭ ኤል.ኢ.ዲ. ቱቦ ብቃቱ ወደ 1.5 ማይክሮሞል ይጠጋል፤ ኃይሉ 1,430 ዋት ይሆናል። ለአትክልት ተብሎ የተሠራ፣ 2.8 ማይክሮሞል የሚሰጥ ጥሩ መብራት 765 ዋት ይበቃዋል። በቀን 16 ሰዓት ሲበሩ ፍጆታቸው በቅደም ተከተል 40.3፣ 22.9 እና 12.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ነገር ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ የበራ ኃይል በሙሉ ለማለት ይቻላል በመጨረሻ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱንም ኤር ኮንዲሽነሩ ማውጣት አለበት። ለእያንዳንዱ ሦስት ኪሎዋት ሙቀት አንድ ኪሎዋት ቢወስድ አኃዞቹ ወደ 53.8፣ 30.5 እና 16.3 ያድጋሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ከፍሎረሰንት ወደ ነጭ ቱቦ መሸጋገር በዓመት 8,500 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያተርፋል። ከነጭ ቱቦ ወደ ውድ የአትክልት መብራት መሸጋገር ደግሞ ተጨማሪ 5,200 ያህል። የመጀመሪያው ትርፍ የሚገኘው ከሶዶ ወይም ከአዲስ አበባ መርካቶ በብር በሚገዛ ዕቃ ነው፤ ሁለተኛው በአብዛኛው የውጭ ምንዛሪና የወራት ጥበቃ ይጠይቃል። ተቋሙ የዓመቱን ቁጠባ በራሱ የኤሌክትሪክ ታሪፍና መብራቱ ይቆያል ተብሎ በሚታመነው ዓመት አባዝቶ ውጤቱን ከዋጋ ልዩነቱ ጋር ማነጻጸር ይችላል። ስሌቱ ለውዱ ቢያደላ እንኳ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛ፣ ለግሪን ሃውስ የተሠራ ብርቱ መብራት ከጠርሙሱ በ35 ሴንቲሜትር ርቀት ሲሰቀል መሐሉን ያቃጥላል፣ ጠርዙን ያጨልማል። ሁለተኛ፣ አንድ ድራይቨር ሲቃጠል መለዋወጫው እስኪመጣ መደርደሪያው ጨለማ ይሆናል። ተራው ቱቦ ግን በዚያው ቀን ይተካል። የብርሃን ፍላጎቱ ዝቅተኛ በሆነበት ክፍል ከብቃት ይልቅ ተተኪነት ይበልጣል፤ በአንጻሩ ሰላጣ ወይም ቲማቲም በብርሃን ለሚያመርት ሰው ሚዛኑ ይገለበጣል።

በተግባር አንድ ባለ 18 ዋት ነጭ ቱቦ በአንዱ ደርብ ላይ ወደ 31 ማይክሮሞል፣ ሁለት ቱቦ 63 ያህል ይሰጣል። ለጅማሮና ለማባዛት አንድ፣ ለሥር ማስያዝ ሁለት አድርጎ በተለያየ ማብሪያ ማጥፊያ መዘርጋት ቀላሉ መፍትሔ ነው።

ግሪን ሃውሱ ሌላ ጉዳይ ነው

ከጠርሙስ የወጣው ችግኝ የሚላመድበት ግሪን ሃውስ ላይ ተጨማሪ መብራት ለመግጠም የሚቀርቡ ሐሳቦች ብዙውን ጊዜ ከአውሮፓ ልምድ የተቀዱ ናቸው። በኔዘርላንድስ በታኅሣሥ ከቤት ውጭ እንኳ በቀን በካሬ ሜትር የሚገኘው ብርሃን ከ5 ሞል በታች ነው። በአረካ የቀኑ ርዝመት በዓመት ውስጥ የሚለዋወጠው 50 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በካሬ ሜትር 5 ኪሎዋት ሰዓት የፀሐይ ኃይል የሚወርድበት ቀን 37 ሞል ያህል ፎቶን ይሰጣል። ፕላስቲኩና የጥላ መረቡ ሁለት ሦስተኛውን ቢያስቀሩት እንኳ 12 ሞል ይቀራል። ይህም በዕድገት ክፍሉ ውስጥ 50 ማይክሮሞል ለ16 ሰዓት ከሚሰጠው 2.9 ሞል አራት እጥፍ ይበልጣል። ችግኙ በላመደ ቁጥር ደግሞ መረቡን ማሳሳት ያለ ወጪ ብርሃን መጨመር ነው። የክረምቱ ደመና ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ያኔም መልሱ ያው መረቡን ማንሳት ነው። ለግሪን ሃውስ መብራት የተያዘ ገንዘብ ካለ ወደ ውኃ መርጫና ወደ እርጥበት መጠበቂያ ቢዞር በማላመድ ወቅት የሚሞተውን ችግኝ በእርግጥ ይቀንሳል።

ለተመራቂ ተማሪዎች፦ ልኬትና የሙከራ ንድፍ

የፎቶን መለኪያ መሣሪያ ውድ በመሆኑ በብዙ መመረቂያ ጽሑፎች ብርሃኑ በሉክስ ብቻ፣ ከዚያም ብሶ «በሁለት ባለ 36 ዋት ፍሎረሰንት» ተብሎ ይጻፋል። የሉክስ መለኪያ ብቻ ያለው ተማሪ ንባቡን ለቀዝቃዛ ነጭ ፍሎረሰንት በ74፣ ለነጭ ኤል.ኢ.ዲ. በ70 አካባቢ፣ ለፀሐይ በ54 ቢያካፍል ተቀባይነት ያለው ግምት ያገኛል። 3,500 ሉክስ ነጭ ኤል.ኢ.ዲ. እንግዲህ 50 ማይክሮሞል ነው። ይህ ስሌት ለወይን ጠጅ ብርሃን አይሠራም፤ የሉክስ መለኪያው ያንን እጅግ አሳንሶ ያነበዋል፣ ተማሪውም ባለማወቅ ብዙ እጥፍ ብርሃን ሊሰጥ ይችላል። ልኬቱ በጠርሙሱ ቁመት፣ በደርቡ ቢያንስ ዘጠኝ ነጥቦች ላይ ይወሰድ፤ የቱቦው ጫፎች ከመሐሉ ደብዛዛ ናቸውና። ክዳኑ ብርሃን የሚቀንስ ከሆነ መለኪያውን ክዳኑ ሥር አስቀምጦ ልዩነቱን መመዝገብ ይገባል።

የሙከራው አሀድ ምን እንደሆነ በደንብ ያልታሰበበት የመብራት ጥናት በጣም የተለመደ ነው። ተማሪው አንዱን ደርብ ነጭ፣ ሌላውን ቀይና ሰማያዊ ያበራል፤ በእያንዳንዱ ላይ 20 ጠርሙስ ያስቀምጥና ድግግሞሹ 20 ነው ይላል። ሆኖም ብርሃኑ የተመደበው ለደርቡ እንጂ ለጠርሙሱ አይደለም፤ ድግግሞሹ አንድ ነው። የላይኛው ደርብ ሞቆ፣ የታችኛው ቀዝቅዞ ከሆነ ተማሪው የለካው የቀለም ልዩነት ይሁን የሙቀት ማንም ሊያውቅ አይችልም። በተለይ ሙቀቱ ስውር ነው። የታችኛው ደርብ ቱቦ የላይኛውን ደርብ ወለል ከሥር ያሞቃል፤ የጠርሙሱ ታች ከክዳኑ ሲሞቅ ውኃው ተኖ ክዳኑ ላይ ጤዛ ይሠራል፣ ችግኙም ውኃ የቋጠረ መስታወት መሰል ይሆናል።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ብርሃን በማያሳልፍ ጨርቅ የተጋረዱ፣ በዕጣ የተመደቡ፣ ለእያንዳንዱ የብርሃን ዓይነት ቢያንስ ሦስት ደርቦች ማዘጋጀት ይቻላል። ደርብ ካጠረ ሙከራውን በጊዜ መደጋገምና በእያንዳንዱ ዙር መብራቶቹን በዕጣ ቦታ ማለዋወጥ ነው፤ ያኔ ዙሩ ራሱ ብሎክ ይሆናል። ቀለም ከቀለም ሲነጻጸርም የፎቶኑ መጠን በሁሉም እኩል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የሚነጻጸረው ቀለሙ ሳይሆን ብዛቱ ነው። አማካሪዎችም ይህን መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ሳይሆን የጥናት ሐሳቡ ሲቀርብ ቢጠይቁ ይሻላል።

የኃይል አቅርቦትና ግዥ

በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባውና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 የተመረቀው ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ማመንጫው ጎረቤት መሆኑ ግን የማከፋፈያ መስመሩ አይቆራረጥም፣ ቮልቴጁም አይዋዥቅም ማለት አይደለም። ችግኝ የጥቂት ሰዓታት ጨለማ አይገድለውም። ይበልጥ የሚጎዳው ኃይሉ ሲመለስ የሚመጣው የቮልቴጅ ዝላይ ነው፤ ከኤል.ኢ.ዲ.ው ቀድሞ የሚሞተውም ድራይቨሩ ነው። ስለዚህ በጨረታ ሰነዱ ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚቀበል ድራይቨርና የዝላይ መከላከያ መጠየቅ ይገባል። «50,000 ሰዓት» የሚለው ዕድሜ በቀን 16 ሰዓት 8 ዓመት ተኩል ነው፤ ሆኖም አኃዙ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ ወደ 70 በመቶ እስኪወርድ ያለውን ጊዜ የሚያመለክት በመሆኑ፣ 90 በመቶ እስከ መቼ እንደሚቆይ ሻጩ በጽሑፍ ይግለጽ። ቱቦው በነባሩ የፍሎረሰንት ማቀፊያ ላይ የሚገጠም ከሆነ ባላስቱ በኤሌክትሪክ ባለሙያ መነሳት ወይም መታለፍ አለበት።

የ16 ሰዓቱን ብርሃን በሌሊት ላይ ማዋል ሙቀቱን በቀዝቃዛው ሰዓት ለማስወጣት ይረዳል። ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍሉ ቢጨልም፣ ጠዋት ለሚደረገው የብክለት ቁጥጥር ብርሃን አለ፤ የቀኑም ከፍተኛ ሙቀት ከመብራቱ ሙቀት ጋር አይደራረብም። ሰዓት ቆጣሪው ግን ባትሪ ያለው ይሁን። በሞተር የሚዞረው ርካሽ ቆጣሪ ኃይል በጠፋ ቁጥር አብሮ ስለሚቆም፣ በሳምንት አምስት ሰዓት መብራት የሚጠፋበት ክፍል ውስጥ በአንድ ወር የብርሃኑ ጊዜ 20 ሰዓት ያህል ይንሸራተታል፤ በሙከራ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ሰዓትም ክፍሉ በእርግጥ ከበራበት ጋር አይገናኝም።